የዕቁብ ብር ለውጭ ትምህርት የገንዘብ ማረጋገጫ ይሆናል ወይ?

የሳቢያኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። በሲቪል ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሼ፣ በጀርመን አገር በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በውሃ ሀብት ምሕንድስና ለሁለተኛ ዲግሪ የመግቢያ ደብዳቤ ደርሶኛል። የትምህርት ክፍያ የለውም፤ በየሴሚስተሩ የሚከፈለው የተማሪዎች መዋጮ ብቻ ነው። ያስጨነቀኝ ግን ቪዛ ስጠይቅ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚበቃ ገንዘብ እንዳለኝ የማሳየቱ ጉዳይ ነው።

የቤታችንን ሁኔታ በግልጽ ላስረዳ። አባቴ ከምድር ባቡር በጡረታ የተገለሉ ናቸው፤ ጡረታቸው ለቤት ወጪ እንኳ አይተርፍም። እናቴ ታይዋን ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። በገበያው ነጋዴዎች ዕቁብ ውስጥ ገብታ በየ15 ቀኑ 20,000 ብር ትጥላለች፤ አባላቱ 40 ናቸው፤ ባለፈው ወር በ31ኛው ዙር ዕጣው ደርሷት 800,000 ብር በአንድ ቀን ወደ ሂሳቧ ገብቷል። ከዚያ በፊት በሂሳቧ ከ60,000 ብር በላይ ተቀምጦ አያውቅም። የእናቴ ወንድም ደግሞ ጀርመን አገር ይሠራሉ፤ «አስፈላጊ ከሆነ ዋስ እሆናለሁ» ብለውኛል፤ ነገር ግን ሦስት ልጆች ስላሏቸው ልጫናቸው አልፈልግም።

እንግዲህ ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። በአንድ ጊዜ የገባው የዕቁብ ብር በኤምባሲው ዘንድ ጥርጣሬ ያስነሣ ይሆን? የእናቴ ብር በዩሮ ሲመነዘር ከሚፈለገው ከግማሽ በታች ስለሆነ ቀሪውን እንዴት ላሟላ እችላለሁ? ሦስተኛው ደግሞ፣ አንድ ደላላ ለተወሰነ ኮሚሽን የጎደለውን ብር ለአንድ ወር ሂሳቤ ላይ እንደሚያስቀምጥልኝ ነግሮኛል። ይህን ያደረጉ ሰዎች እንዳሉ እሰማለሁ፤ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

ነምበር ዋን፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። እኔም የድሬዳዋው የነምበር ዋን ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን ጀርመን አገር ተምሬ ተመልሼ አሁን እዚሁ አስተምራለሁ። ጥያቄዎን ሳነብ የተረዳሁት፣ የሰሙት ምክር የብዙ አገር ሕግ የተቀላቀለበት መሆኑን ነው። የአንዱን አገር ምክር ለሌላው መጠቀም፣ ለሐረር የተቆረጠ ትኬት ይዞ ጅቡቲ እንደ መሄድ ነው።

በጀርመን በኩል ዋናው መንገድ የታገደ ሂሳብ የሚባለው ነው፤ እነሱ ሽፐርኮንቶ ይሉታል። ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠየቀው 11,904 ዩሮ ነው፤ ይኸውም በወር 992 ዩሮ ማለት ነው። እኔ በ2017 እ.ኤ.አ. ስሄድ 8,640 ዩሮ ነበር፤ በመካከሉ ደጋግሞ ስለጨመረ፣ ማመልከቻ በሚያስገቡበት ሳምንት በኤምባሲው ገጽ ላይ ያለውን ቁጥር እንደገና ይመልከቱ። ገንዘቡን ሂሳቡን በሚከፍተው ድርጅት በኩል አስቀድመው ያስገባሉ፤ ድርጅቱ ማረጋገጫ ይሰጥዎታል፤ እዚያ ሲደርሱ በየወሩ የተወሰነውን ብቻ ይለቅልዎታል። የታገደ የተባለውም ስለዚህ ነው። ቪዛው ከተከለከለ፣ የእምቢታውን ደብዳቤ አቅርበው ገንዘብዎን ያስመልሳሉ።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ። ይህን መንገድ ከመረጡ ለቪዛው የሚቀርበው የታገደው ሂሳብ ማረጋገጫ ስለሆነ፣ ክርክሩ በእናትዎ የሂሳብ እንቅስቃሴ ላይ አይሆንም። ገንዘቡ ሙሉ ሆኖ በዚያ ሂሳብ መቀመጡ ነው ቁም ነገሩ። ወደዚያ ሂሳብ ገንዘብ የሚያስገባውም የግድ እርስዎ ወይም ወላጆችዎ መሆን የለባቸውም፤ አጎትዎ ከዚያው ሆነው ሊያስገቡ ይችላሉ። በእርግጥ ሂሳቡን የሚከፍተው ድርጅት የገንዘቡን ምንጭ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያንን ግን በቀላሉ በወረቀት ይመልሱታል።

ሁለተኛው መንገድ አጎትዎ ያሉት ዋስትና ነው። ስሙ ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ ይባላል (እኔ ቃሉን ሳላደናቅፍ ለመጥራት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፈጅቶብኛል)። አጎትዎ በሚኖሩበት ከተማ ወደሚገኘው የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ቀርበው፣ የደመወዝ ወረቀታቸውንና የቤት ኪራይ ውላቸውን አሳይተው፣ 29 ዩሮ ከፍለው ይፈርማሉ። በዚህ መንገድ አንድም ዩሮ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ለዚህም ነው ብዙ ቤተሰብ የሚመርጠው። ይሁን እንጂ ተራ የድጋፍ ደብዳቤ አድርገው እንዳያስቡት። ፈራሚው፣ ተማሪዋ ወደ አገሩ ከገባችበት ቀን አንሥቶ እስከ አምስት ዓመት ድረስ መንግሥት ለኑሮዋ ወይም ለሕክምናዋ ያወጣው ገንዘብ ካለ፣ እንዲመልስ በሕግ ይገደዳል። ሦስት ልጆች ያሏቸው ከሆነ ጽሕፈት ቤቱ ገቢያቸው ከራሳቸው ቤተሰብ ተርፎ ለእርስዎ የሚበቃ መሆኑን ስለሚያሰላ፣ ፈቃደኛ ሆነው እንኳ ሊመለሱ ይችላሉ። ሲፈርሙ ሁለት ነገር እንዲያዩ ይንገሯቸው፦ የቆይታው ዓላማ ጉብኝት ሳይሆን ትምህርት መባሉን፣ እንዲሁም የገንዘብ አቅማቸው «ተረጋግጧል» ተብሎ መጻፉን። ዋናው ወረቀት ደግሞ ወደ እርስዎ መላክ አለበት፤ በስልክ የተነሣ ፎቶ አይበቃም።

ስለ ደላላው ሌሎች ይናገሩ። እኔ የምለው፣ ለጀርመን ይህ ሰው ምንም የሚጠቅምዎት ነገር የለም ነው። በእርስዎ የኢትዮጵያ ሂሳብ ላይ ለአንድ ወር የተቀመጠ የሰው ብር የታገደ ሂሳብን አይተካም።

የከዚራ ጥላ፦

ከዚህ በላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ነው። እኔ በድሬዳዋ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ስለምሠራ፣ በመስኮቱ በዚህኛው በኩል የሚታየውን ልጨምር።

ደንበኞች መጥተው «ለኤምባሲ የሚሆን ደብዳቤ ስጡኝ» ይሉናል። ባንክ የሚሰጠው ሁለት የተለያየ ወረቀት ነው። አንደኛው የሂሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ ነው፤ በዚህ ቀን ይህን ያህል ብር አለ ከማለት ያለፈ አይናገርም። ሁለተኛው ስቴትመንት ነው፤ ብሩ እንዴት እንደመጣና እንዴት እንደወጣ ቀን በቀን ያሳያል። ደብዳቤው ፎቶግራፍ ከሆነ ስቴትመንቱ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ሰነድ መርማሪ የሚያነበውም ሁለተኛውን ነው። ሁለቱንም ማኅተምና ፊርማ ያለባቸው፣ የቅርንጫፉ ስልክ በግልጽ የተጻፈባቸው አድርገው ይውሰዱ፤ ደውለው የሚያጣሩ አሉና።

አሁን ወደ ዕቁቡ ልምጣ፤ ይህ ጥያቄ በእኛ ከተማ በየጊዜው ስለሚመጣ ዘርዘር ላደርገው እወዳለሁ። የዕቁብ ብር ንጹሕ ብር ነው። ችግሩ የውጭ አገር መርማሪ ዕቁብ ምን እንደሆነ ላያውቅ መቻሉ ነው። እሱ የሚያየው 60,000 ብር ያልዘለለ ሂሳብ በአንድ ጀንበር 800,000 ሲጨመርበት ነው፤ ያን ጊዜ ከደላላው ብር የሚለይበት ምልክት ያጣል። ምልክቱን መስጠት የእናንተ ፋንታ ነው። እናትዎ መዋጮውን በባንክ እያስተላለፈች ከነበረ፣ የሁለት ዓመት ስቴትመንት ያውጡ። በየ15 ቀኑ 20,000 ብር ሲወጣ 31 ጊዜ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ የገባው 800,000 ብር ራሱን በራሱ ያስረዳል። ከእሱ ጋር የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ፣ የአባላቱን ቁጥር፣ የመዋጮውን መጠንና ዕጣው የወጣበትን ቀን ጠቅሰው የሚፈርሙበት ደብዳቤ ያያይዙ። መዋጮዋን በጥሬ ገንዘብ ትከፍል ከነበረ ግን ያለን የጸሐፊው መዝገብ ብቻ ነው፤ የሚመለከታቸው ገጾች ኮፒ ተደርገው ከደብዳቤው ጋር ይቅረቡ።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። እናትዎ ዕጣው የወጣላት በ31ኛው ዙር ነው፤ ገና 9 ዙር ይቀራታል። ይህም ማለት ከ800,000 ብር ውስጥ የራሷ ቁጠባ 620,000 ብር ሲሆን፣ 180,000 ብሩ ወደፊት የምትከፍለው ዕዳ ነው። ዕቁቡን በመጀመሪያው ዙር የወሰደ ሰው ቢሆን ኖሮ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዕዳ ይሆን ነበር። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ የቀረው መዋጮ ከምን ገቢ እንደሚከፈል መግለጽ ይገባል። ይህን ብንሸሽገው ማንም አያውቅም የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን በገዛ ስቴትመንቱ ላይ ከዕጣው በኋላም በየ15 ቀኑ 20,000 ብር ሲወጣ እየታየ እንዴት ሊሸሸግ እንደሚችል አይገባኝም።

የንግድ ፈቃዷንና የግብር ደረሰኟንም ያዘጋጁ፤ ነገር ግን ከማስገባትዎ በፊት ቁጥሮቹን እርስ በርስ ያስተያዩ። ብዙ ትናንሽ ነጋዴዎች የሚከፍሉት በገቢ ግምት ተሰልቶ ስለሆነ፣ በግብር ወረቀቱ ላይ ያለው ዓመታዊ ገቢ በባንክ ከሚታየው እንቅስቃሴ በጣም ያንሳል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው ይህ ልዩነት ጥያቄ ነው።

ስለ ውጭ ምንዛሪውም አንድ ነገር ልበል። ለትምህርት የሚውል የውጭ ምንዛሪ ባንክን መጠየቅ ይቻላል፤ የመግቢያ ደብዳቤ፣ ፓስፖርትና የታገደው ሂሳብ የተከፈተበት ማስረጃ ይዘው ይቀርባሉ፤ የሚስተናገዱት ግን ባንኩ ባለው መጠንና በተራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ስሌቱ ራሱ ተለውጧል። ከዚያ ቀን በፊት ዶላሩ በ57 ብር አካባቢ ሳለ 1,200,000 ብር የነበረው ቤተሰብ 21,000 ዶላር ያህል አለኝ ይል ነበር፤ ዶላሩ 100 ብር ሲሞላ ያው ብር 12,000 ዶላር ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ አልቆመም። ስለዚህ ልክ ልኩን ይዞ መቅረብ አያዋጣም፤ ጥቂት ትርፍ ይኑርበት።

አንዳንዶች «አጎቷ ድሬ ላይ ቤት እያሠሩ ከሆነ ብሩን ለግንበኛው ትስጥ፣ እሳቸው ዩሮውን እዚያ ያስገቡላት» የሚል ምክር ይሰጣሉ። የውጭ ምንዛሪ ልውውጥ ፈቃድ ባላቸው በኩል ብቻ እንዲሆን ሕጉ ስለሚያዝ፣ ይህን አልመክርም፤ ለገንዘቡ ምንጭ የሚቀርብ ወረቀትም አይኖረውም።

ሸዋ በር፦

እኔ የሐረር ልጅ ነኝ። ያመለከትኩት ለእንግሊዝ ስለሆነ ለጀርመኑ አይጠቅምሽ ይሆናል፤ ሆኖም ይህን ጽሑፍ ነገ የሚያነብ ሌላ ሰው ስለሚኖር የደረሰብኝን ልናገር።

በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዞች ከለንደን ውጪ ለሚማር በወር 1,023 ፓውንድ፣ እስከ ዘጠኝ ወር፣ በጠቅላላው 9,207 ፓውንድ ይጠይቁ ነበር፤ በዚያ ላይ ካስ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ማረጋገጫ ላይ ያልተከፈለ ሆኖ የተመዘገበው የአንደኛ ዓመት የትምህርት ክፍያ ይጨመራል። ከኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወርሃዊው 1,171 ፓውንድ ደርሷል፤ ለንደን ከሆነ 1,529 ነው። ገንዘቡ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሳይጎድል መቀመጥ አለበት፤ የ28ቱ ቀን መጨረሻም ማመልከቻው ከሚገባበት ዕለት በፊት ባሉት 31 ቀናት ውስጥ መዋል አለበት።

አባቴ ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ አጠገብ ጨርቅ ይነግዳሉ። ብሩ በእሳቸው ሂሳብ ተቀምጦ ነበር፤ የእሳቸው ልጅ መሆኔን የሚያሳየውን የልደት ምስክር ወረቀትና የፈቃድ ደብዳቤያቸውንም አያይዤ ነበር። በ19ኛው ቀን የእኅቴ ሠርግ ደረሰ። አባቴ የበሬና የድንኳን ከፍለው ከሦስት ቀን በኋላ ብሩን መልሰው አስገቡት። እሳቸው በልባቸው ምንም አልጎደለም፤ በስቴትመንቱ ላይ ግን ሦስት ቀን ጎድሏል። ተከለከልኩ። የቪዛው ክፍያ አልተመለሰም፤ የጤና አገልግሎት ክፍያው ብቻ ተመለሰልኝ። አባቴን ልወቅሳቸው አልችልም፤ 28 ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሜ ቁጭ ብዬ ያላስረዳኋቸው እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት ከወለድ ነፃ የሆነ ሌላ ሂሳብ ከፈትን፣ ደብተሩንም እናቴ ሸሸገችው፤ አለፈልኝ።

ከእንግሊዝ ሕግ ሌላም የምትጠነቀቂበት አለ፦ የአጎት ገንዘብ አይቀበሉም። የራስሽ፣ የወላጆችሽ ወይም የሕጋዊ አሳዳጊሽ፣ ወይም የትዳር አጋርሽ መሆን አለበት። አሜሪካ ግን ከዚህ ይለያል፤ አጎትም ሆነ ሌላ ዘመድ መደገፍ ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲው አይ-20 የሚባለውን ወረቀት የሚሰጠው የአንደኛውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ማስረጃ ሲያይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቆንስላው በቃለ መጠይቅ ደግሞ ይጠይቅሻል።

ደላላውን በተመለከተ፣ ከእኔ ጋር አብሮ ያመለከተ አንድ ልጅ ሞክሮታል። የብሩ ባለቤት በ26ኛው ቀን አውጥቶ ሄደ። ይህ እንኳ ከከፋው ይሻላል። የከፋው ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ነው፤ ማታለል ከተረጋገጠ እንግሊዝ እስከ 10 ዓመት ማመልከቻ አትቀበልም፤ ካናዳ 5 ዓመት ታግዳለች፤ አሜሪካ ደግሞ በመርሕ ደረጃ ለዕድሜ ልክ ነው። ሰውየው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ይሄዳል፤ በመዝገቡ ላይ የሚቀረው ያንቺ ስም ነው።

የሳቢያኗ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደላላውን ዛሬ ጠዋት ደውዬ አሰናብቼዋለሁ። ከአጎቴም ጋር ተነጋገርን። አምስት ዓመት የሚባለውን ሳነብላቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም ዋስትናውን ከመፈረም ይልቅ ለታገደው ሂሳብ ግማሹን ከቁጠባቸው ቢያስገቡልኝ እንደሚመርጡ ነገሩኝ። ቀሪውን ከእናቴ ብር ለመሸፈን፣ ለሚጎድለው ደግሞ የእኔን ደመወዝ ለመጨመር ተስማምተናል፤ የምንዛሪውን ጥያቄ በዚህ ሳምንት ለባንክ እናቀርባለን።

አንድ ነገር ቀረኝ። የእናቴ የአባት ስም መሐመድ ነው። በባንኩ ሂሳብ ላይ በእንግሊዝኛ በአንድ ኤም ተጽፏል፤ በፋይዳ መታወቂያዋ ላይ በሁለት ኤም ነው፤ በእኔ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። የእኔ የአባት ስም የአባቴ ስለሆነም፣ ከእናቴ ጋር የሚያገናኘኝ ስም በፓስፖርቴ ላይ የለም። ይህ ችግር ያመጣ ይሆን?

የከዚራ ጥላ፦

ያመጣል፤ ይስተካከላልም። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም እንደሌለና እናት በገዛ አባቷ ስም እንደምትጠራ የማያውቅ ሰው፣ ሁለታችሁን ዝምድና የሌላችሁ አድርጎ ሊያይ ይችላል። የሚያገናኛችሁ የልደት ምስክር ወረቀቱ ስለሆነ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት እሱ ነው። ስሙ በፋይዳው ላይ እንዳለው እንዲጻፍ ቀበሌውን ይጠይቁ። ከዚያ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ያስተርጉሙት። እናትዎ ገንዘቡን ለእርስዎ ትምህርት መፍቀዷን የሚገልጸውን ደብዳቤ ደግሞ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ፊት ቀርባ ትፈርም፤ ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ አለ።

የባንኩን በተመለከተ፣ እናትዎ ፋይዳዋንና የሂሳብ ደብተሯን ይዛ ሂሳቡ ወደተከፈተበት ቅርንጫፍ ትሂድ፤ የስም አጻጻፍ ማስተካከያ ቅጽ ትሞላለች። ስቴትመንቱን ያወጣችሁት ከማስተካከያው በፊት ከሆነ እንደገና ማውጣት ስለሚኖርባችሁ፣ ቅደም ተከተሉን አታዛቡት።

ነምበር ዋን፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አጎትዎ ገንዘቡን ሲያስገቡ በማስተላለፊያው ማመሳከሪያ ቦታ ላይ የታገደው ሂሳብ የተሰጠውን ቁጥር በትክክል ይጻፉ። የእኔ ወንድም ስሜን ብቻ ጽፎ ገንዘቡ የማን እንደሆነ እስኪታወቅ አሥራ አንድ ቀን ቆየ፤ የኤምባሲው ቀጠሮዬ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነበር።